ስልኩ ፀሐይ አለ፣ ሰማዩ ዶፍ አወረደ፦ ትንበያን በምን እንመዝነው?

የማወራው ስለ አንድ የኢንተርኔት ውይይት ክር ነው። ክሩን የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ ሰው ነው። ሥራው የሚደራው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ጥር አያስቸግረውም። ከፋሲካ በኋላ ግን ሠርጉና የበልግ ዝናቡ አንድ ላይ ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ደማቅ ፀሐይ አሳየው። ውሃ የማያስገባውን ሸራ መጋዘን ትቶ ስሱን ድንኳን ብቻ ጭኖ ሄደ። ሙሽሮቹ ኬኩን ሳይቆርሱ ዶፉ ወረደ። የሙሽራዋ አጎት ቀሪውን ሂሳብ አልከፍልም ብሎታል።

ከዚህ ተነስቶ የደረሰበት ድምዳሜ አጭር ነው። ትንበያ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። ከሥር ደግሞ የተሻለ አፕ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁመው ጠየቀ። አብዛኛው ሰው ከክሱ ጋር ተጣላ፤ ጥያቄውን የመለሰለት ጥቂት ነው። መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እተርካለሁ። ስድብ ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ።

1ኛ። ጨዋ መልስ ነበር። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ለደረሰበት ነገር አዘነችለት፤ ከዚያ ጥያቄ አከታተለች። ትንበያውን ያየው በስንት ሰዓት ነው? ሠርጉ የት ሰፈር ነበር? በዚያው ሰዓት ከተማው ውስጥ ያልዘነበበት ቦታ የለም ወይ? እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ነው። ሽሮ ሜዳ ጎርፍ እየወረደ ቃሊቲ አቧራ የሚቦንበት ቀን ሞልቷል። አፑ ግን ከተማውን በሙሉ በአንድ ምስል ይጨርሰዋል።

2ኛ። አንድ መስመር ብቻ። የእናቱ ጉልበት ሲቆረጥማት ሳይዘንብ ውሎ እንደማያውቅ፣ ሳተላይት ለምን እንደሚያስፈልግ እንዳልገባው ጻፈ። ከሁሉም በላይ ላይክ ያገኘው ይሄ ነው።

3ኛ። የራሱን አፕ ሊያስመርጥ የመጣ ሰው ነው። ባለፈው ነሐሴ እንደተከታተለውና ከአሥር ቀን ዘጠኙን ልክ እንዳገኘ ጻፈ። አከራዩንም ነካ አደረገው፤ ነጻ አፕ ጭኖ ሳይንስን መውቀስ አይገባም አለ።

4ኛ። ክሩ መልክ የያዘው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ስታቲስቲክስ አስተማሪ ነው። ለ3ኛው የሰጠው መልስ ረጋ ያለ ቢሆንም ጥርስ ነበረው። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ አብዛኛውን ቀን ይዘንባል። አንድ ሰው ስልክ ሳይነካ፣ ቀና ብሎ ሰማይ ሳያይ፣ በየቀኑ ይዘንባል እያለ ቢውል እሱም ከአሥሩ ዘጠኙን ሊያገኝ ይችላል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በየቀኑ አይዘንብም ማለት ይበቃዋል። ስለዚህ ዘጠኝ ከአሥር የሚለው ቁጥር ስለ ነሐሴ እንጂ ስለ አፑ ምንም አይነግረንም።

ከዚያ አንድ የቆየ ታሪክ አመጣ። በ1884 (እ.ኤ.አ.) ጆን ፊንሊ የተባለ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሰው ቶርኔዶ (አጥፊ አዙሪት ነፋስ) ይተነብይ ነበር። 2,803 ትንበያዎች ተቆጠሩለት። 2,708ቱ ልክ ሆኑ፤ 96.6 በመቶ መሆኑ ነው። ሲያዩት የሚያስደንቅ ቁጥር ነው። ጂ. ኬ. ጊልበርት የሚባል የጂኦሎጂ ሊቅ ግን ቁጥሩን ገለበጠው። ፊንሊ ሁልጊዜ ቶርኔዶ የለም ብሎ ቁጭ ቢል ኖሮ 98.2 በመቶ ልክ ይሆን ነበር። ልክ ከተባሉት ውስጥ 2,680ዎቹ የለም ተብሎ በእውነትም ያልመጣባቸው ናቸው። ይመጣል ያለው 100 ጊዜ ነው፤ የመጣው 28 ጊዜ ብቻ።

እስካሁን የጻፈው ፊንሊን ማሳጣት ይመስላል። አስተማሪው ግን እዚያ አላቆመም። ቶርኔዶ በእውነት የታየባቸው አጋጣሚዎች 51 ናቸው። ፊንሊ 28ቱን ቀድሞ ተናግሯል። ሁልጊዜ የለም የሚለው ሰውዬ በመቶኛ ይበልጠዋል፤ ግን አንድም ሰው ምድር ቤት ገብቶ እንዲተርፍ አያደርግም። መቶኛ ብቻውን በሁለቱም በኩል ያታልላል። ትንበያን ለመመዘን መጀመሪያ ያለ ትንበያ ምን ማለት ይቻል ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

5ኛ። 3ኛው ተመልሶ መጣ፤ ተቆጥቷል። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የነበረ የአሜሪካ ወታደር ከሱ ስልክ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቀ። ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ ሰዎች ዝናብ መትቷቸው አያውቅም ሲልም ጨመረ።

6ኛ። አስተማሪው በአንድ ጥያቄ መለሰለት። በዚያ ነሐሴ አፑ አይዘንብም ያለው ስንት ቀን ነው? ከነዚያስ ስንቱ ሳይዘንብ ዋለ? ይህ ጥያቄ እስከ ክሩ መጨረሻ መልስ አላገኘም። ለኔ እዚህ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ነሐሴ ላይ ችሎታ የሚለካው ብራ በሚሆነው ጥቂት ቀን ነው።

7ኛ። ከሜሪላንድ የጻፈች እህት ወሬውን ወደ መቶኛ ትርጉም ወሰደችው። አከራዩ ምስሉን ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ያለውን ቁጥርም አይቷል? እሷ በምትኖርበት አገር 30 በመቶ ሲባል ሰው በየፊናው ይተረጉመዋል። አንዱ የከተማው 30 በመቶ ይረጥባል ይላል፤ ሌላው ከቀኑ 30 በመቶውን ይዘንባል ይላል። ትክክለኛው እንዲህ ነው። እንዲህ የተባለባቸውን ቀኖች ሁሉ ብንሰበስብ፣ ከአሥሩ በሦስቱ ገደማ ያ ቦታ ዝናብ ሊያገኝ ይገባል። ሰባቱ ደረቅ መዋሉ የትንበያው ስህተት አይደለም። እንዲያውም አሥሩም ደረቅ ቢውሉ ነው የሚያጠራጥረው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረች። አሜሪካ ውስጥ የንግድ ትንበያ ሰጪዎች ትንሿን የዝናብ ዕድል ከፍ አድርገው ሲናገሩ ተይዘዋል። ዣንጥላ ይዞ ሳይዘንብበት የዋለ ሰው አይከስም፤ ሳይይዝ የበሰበሰው ግን ይጮኻል። እነሱም የሚጮኸውን ነው የሚፈሩት።

8ኛ። አከራዩ ሄዶ ስክሪንሾቱን አየ። ከፀሐዩ ምስል ሥር በደቃቅ ጽሑፍ 30 በመቶ ይላል። ይህን ለጥፎ ግን አልበረደም፤ ባሰበት። 30 በመቶ ዝናብ ካለ ፀሐይ መሳል ምን ይባላል? ደግሞስ በ30 በመቶ ምን ሊያደርግ ነው? ሸራ ሠላሳ በመቶ አይተከልም፤ ወይ ይጫናል ወይ አይጫንም። ስለ ምስሉ ያለው ነገር እውነቱን ነው። አንድ ቀንን በአንድ ምስል ለመግለጽ የሚሞክር ሁሉ የሚጥለው ነገር አለ፤ እዚህ የተጣለው ለአከራዩ የሚያስፈልገው ነበር።

9ኛ። ለዚህ የመለሰለት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ነገሩን በብር አስቀመጠው። ለምሳሌ ሸራውን መጫንና መትከል 4,000 ብር ያስወጣል እንበል። ሳይጫን ቢዘንብ የሚደርሰው ኪሳራ 20,000 ብር ይሁን። 4,000 ለ20,000 ሲካፈል 20 በመቶ ይመጣል። የዝናቡ ዕድል ከ20 በመቶ ከበለጠ ሸራው ይጫናል፤ ካነሰ ይቀራል። ይኸው ነው። በዚህ ስሌት ያ ቅዳሜ ሸራ የሚጫንበት ቀን ነበር፤ ትንበያው አልሳተም። ኪሳራው 8,000 ብር ብቻ የሆነበት ሌላ አከራይ ግን በዚያው 30 በመቶ ሸራውን ትቶ ቢሄድ ትክክል ነው፤ የሱ መስመር 50 በመቶ ላይ ነውና። አንድ ትንበያ ለአንዱ ጫን፣ ለሌላው ተው ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ምስል የማይበቃው፤ ቁጥሩ መታየት አለበት።

ይህን መልስ ደግሜ ነው ያነበብኩት። አብዛኞቻችን ትንበያን ልክ ነው አይደለም ብለን እንከራከራለን። ሰውየው የጠየቀው ግን ምን ያስወስንሃል ብሎ ነው።

10ኛ። አከራዩ በቀላሉ የሚረታ አይደለም። በዚህ ሂሳብ ከሄደ ሚያዝያና ግንቦት ውስጥ በየሳምንቱ ሸራ ሊጭን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አይዘንብም። ደንበኛው ላልተጠቀመበት ሸራ ለምን ይከፍላል? አጭበርባሪ ይሉታል።

11ኛ። ድግስ የምታዘጋጅ ሴት በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘጋችው። እሷ የሸራውን ዋጋ ለብቻው አትጠይቅም፤ ለወቅቱ ሁሉ አካፍላ ከመነሻ ዋጋው ላይ ትደምረዋለች። አጎትየው ሲደራደር ሸራ የሚል ቃል አይሰማም።

12ኛ። ከሰሜን ሸዋ የጻፈ የግብርና ልማት ባለሙያ ከተሜውን ሁሉ ገሠጸ። የሠርግ ኬክ ረጠበ ብላችሁ ይህን ያህል ከጻፋችሁ ዘር የደረቀበት ገበሬ ምን ሊል ነው አለ። እሱ ባለበት ወረዳ የበልግ ገብስ ይዘራል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅቱ ሳይገባ የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች በሚሉ ሦስት መደቦች። የኋላ ዓመታት ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድሮ ለሦስት እኩል ሲከፈል ነው መደቦቹ የሚገኙት። ስለዚህ ምንም መረጃ ባይኖር እንኳ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ይደርሰዋል። ለከመደበኛ በታች 40 በመቶ ተሰጠ ማለት ዕድሉ ትንሽ ከፍ አለ ማለት ነው እንጂ ድርቅ ታወጀ ማለት አይደለም። ከአሥር ስድስት ጊዜ ከመደበኛ በታች አይሆንም። ስብሰባ ላይ ግን ቁጥሩ ይወድቅና ስሙ ብቻ ይቀራል። ቀበሌ ሲደርስ ዘንድሮ ዝናብ የለም ሆኖ ያርፋል።

ደግሞ ገበሬው የሚጠይቀው ድምሩን አይደለም። መቼ ይጀምራል ነው የሚለው። ከጀመረ በኋላ ይቋረጣል ወይ? ዘሩ በቅሎ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ፣ በኋላ የቱንም ያህል ቢዘንብና ድምሩ መደበኛ ቢሆን፣ ማሳው አልቋል። ባለሙያው ከወቅቱ ትንበያ ይልቅ የጥቂት ቀኑን ያምናል። ለዚህም የ2012 ዓ.ም.ን መኸር ጠቀሰ። ያን ጊዜ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ክፍል ከልክ በላይ ሞቆ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያልተለመደ ዝናብ ወርዶ ነበር። የደረሰ ጤፍ ማሳ ላይ እያለ ዝናብ ይመጣል ከተባለ ወንፈል ጠርቶ ማጨድና መከመር ይቻላል። ባይዘንብስ? ድካሙ ትንሽ በረታ እንጂ የጠፋ ነገር የለም። 9ኛው መልስ በብር የተናገረውን እሱ በጤፍ ተናገረው፤ ማንም ግን ይህን ልብ ብሎ አልጻፈም።

13ኛ። ክሩ ከዚህ በኋላ ከበደ። ጸሐፊው የቦረና ልጅ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ገና የሚሉት የበልጉ ዝናብም፣ ሃጋያ የሚሉት የመኸሩም ቀረ። ላኒና (የፓስፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ አካባቢ ከልክ በላይ መቀዝቀዝ) ነበር፤ ሦስት ዓመት የቆየ ላኒና። ላኒና ሲኖር የመኸሩ ዝናብ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁን እንደሚሸሸው የታወቀ ነው። ማስጠንቀቂያም ነበር። ታዲያ አርብቶ አደሩ ሰምቶ ምን ያድርግ? ሁሉም በአንድ ጊዜ ከብቱን ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ግጦሽ ፍለጋ የሚሄድበት ሁሉ ደርቋል። መኖ በጊዜ ካልደረሰ ትክክለኛ ትንበያ ከብቱ የሚያልቅበትን ወር ቀድሞ ከመንገር አያልፍም። ሽማግሌዎቹ የታረደ ከብት አንጀት ገልጠው እንደሚያነቡ፣ ከዋክብትም እንደሚቆጥሩ አስታወሰ። ለነሱ ያ ወሬ ጠቃሚ የሚሆነው ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ ወዴት እንሂድ ብሎ የሚወስነው በሱ ላይ ተነስቶ ስለሆነ ነው።

14ኛ። አንዱ ከዚህ ሁሉ አንጀት የሚለውን ብቻ መርጦ ቀለደ። አልደግመውም።

15ኛ። 1ኛዋ ጸሐፊ ናት የመለሰችለት፤ በመጀመሪያው ለስላሳ አነጋገሯ አይደለም። በ2ኛው መልስ የእናት ጉልበት ዝናብ ሲናገር አሳቀህ፤ ያው ነገር ለከተሜ እናት ሲሆን ጨዋታ፣ ለአርብቶ አደር ሲሆን ኋላቀርነት የሚያደርገው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ቀልደኛው ጽሑፉን አጠፋ።

ከ16ኛ እስከ 19ኛ። እዚህ ወሬው ሸሸ። አንዱ ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት የሚለውን አንስቶ የአባቶች ትንበያ ከአፕ ይሻላል አለ። ሌላው ነሐሴ 13 አልፎ መስከረም ድረስ ጎርፍ እያየን ይሄ ምኑ ትንበያ ነው አለው። ሦስተኛዋ ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ሳይዘንብ ቀርቶ እንደማያውቅ፣ ልጅ ሆና በዝናቡ ስትጠመቅ እንደነበር ጻፈች። አስተማሪው ብቅ ብሎ ጳጉሜንም የክረምት ማለቂያ መሆኑን፣ ማንኛውንም ቀን መርጦ ይዘንባል ማለት እንደሚያዋጣ አስታወሰ። ሴትየዋ በዓሉን አትንካብኝ አለችው። እሱም አልነካም ብሎ ወጣ። ይህን ያህል ክርክር ያየሁት እዚህ ነው፤ ስለ ትንበያ ግን የጨመረው የለም።

20ኛ። ግቢው ውስጥ ዝናብ መለኪያ የተከለ ጡረተኛ ነው። እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ። ዘነበ ማለት ምን ማለት ነው? አስፋልቱን ነክቶ የሚያልፍ ካፊያ ይቆጠራል? እሱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን አይቆጥርም። ሌላም አለ። በጣቢያ የቀኑ ዝናብ የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የወረደው ዶፍ እሑድ ጠዋት ነው የሚለካው። የአፑን ቅዳሜ ከጣቢያው ቅዳሜ ጋር አስተያይቶ ትንበያው ሳተ የሚል ሰው፣ ቀኑን ራሱ ሳያስተካክል ነው የሚፈርደው። በዚህ ክር ከተጻፈው ሁሉ ሥራ የሠራ ሰው ወሬ የሚመስለው ይሄ ነው።

21ኛ። ውጭ አገር የሚማር ልጅ ለምን እዚህ እንደሚከብድ አስረዳ። አውሮፓ ላይ ዝናብ በብዛት የሚመጣው አገር በሚያህል የአየር ግንባር (ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር በሚገናኙበት መስመር) ነው፤ ከቀናት በፊት ሲመጣ ይታያል። የኛ የበልግና የክረምት ዝናብ ግን በአመዛኙ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከሰዓት በኋላ የሚፈላ ደመና ነው። ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ሰዓት ተወልዶ ይሞታል። እንግሊዝ አገር ሬዲንግ የሚገኘው የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል የኮምፒውተር ሞዴል ዓለምን በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳጥን ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ደመና ኮተቤ ይውረድ ሰሚት አያውቅም። በዚያ ላይ አፍሪካ ውስጥ ፊኛ የሚለቅና አየሩን ከላይ የሚለካ ጣቢያ ጥቂት ነው። በሌላው ዓለም ትንበያ በየአሥር ዓመቱ አንድ ቀን ያህል እየረዘመ መጥቷል፤ የዛሬው የአምስት ቀን ትንበያ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን የአራት ቀን ያህል ይታመናል። ለሐሩር ክልል ዝናብ ግን ግኝቱ ይህን ያህል አልሆነም።

ልጁ በደንብ ጽፏል። ትንሽ ግን ለአፕ ሠሪዎቹ አዘነላቸው ብዬ አስባለሁ። ሞዴሉ ሰፈር መለየት ካልቻለ አፑ ለምን በሰዓት ከፋፍሎ፣ በሰፈር ስም ጠርቶ ያቀርባል?

22ኛ እና 23ኛ። አንዱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ በቅርቡ ይፈታዋል አለ። ልጁም አዲሶቹ ሞዴሎች ፈጣን መሆናቸውን፣ ግን የሚማሩት ካለፈው መረጃ ስለሆነ ጣቢያ በሌለበት የሚማሩት ነገር እንደሚሳሳ መለሰ። የ14 ቀን ትንበያንም በዚያው አነሳ። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው መነሻው ላይ ያለች ኢምንት ስህተት እየገዘፈች ትሄዳለች፤ ከሁለት ሳምንት ወዲያ የአንድን ቀን ዝናብ መናገር አይቻልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለ ቅዳሜ የተሳለች ፀሐይ ጌጥ ናት።

24ኛ። አስተማሪው ክርክሩ ይብቃ፤ እንለካ አለ። ከሚያዝያ መግቢያ ጀምሮ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ማታ ማታ የነገውን መቶኛ ይጻፍ። ማግስቱን ዘነበ አልዘነበም ብሎ ይሙላ። ማስያው ግሌን ብራየር በ1950 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ነው፤ የዘነበ 1፣ ያልዘነበ 0 ተብሎ ከተተነበየው ጋር ያለው ልዩነት በራሱ ይባዛል። 30 በመቶ ተብሎ ከዘነበ 0.7 በራሱ ይባዛል፤ 0.49 ቅጣት። ካልዘነበ 0.3 በራሱ፤ 0.09። አማካዩ ያነሰ ይሻላል። በየቀኑ 50 በመቶ የሚል ሳንቲም ወርዋሪ ሁልጊዜ 0.25 ያገኛል፤ የአከራዩ ክስ በዚህ ይፈተናል። ከጎኑ ደግሞ አንድ ሞኝ ተፎካካሪ ይቀመጥ፤ ትናንት እንደዋለው ነገም ይውላል የሚል።

25ኛ። 3ኛው ተመልሶ ለምን በነሐሴ አይጀመርም አለ። ማንም አልመለሰለትም።

26ኛ። 1ኛዋ ጸሐፊ ሕግ ጨመረች። ሰፈር ይጻፍ፤ ጠዋት ደመና አይቶ የተሞላ አይቆጠርም።

27ኛ። አንድ የአያት ነዋሪ መለኪያ መግዛት እንደማይችል ጽፎ የተቆረጠ የፕላስቲክ ዕቃ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። ጡረተኛው ይሠራል አለው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ይኑረው፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ይሁን፤ በማስመሪያ ሲለካ የውሃው ከፍታ በሚሊ ሜትር ዝናቡ እሱ ነው። ከጣሪያና ከዛፍ ያርቀው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቦ ይድፋው።